ብልሃትና ክህደት
(በታሪክ፣ በጦር ሜዳና በልብ ወለድ ስለሚገኘው ማታለል የቀረበ ጥናት)

ሀ. መግቢያ

ውድ ወጣቶች፣ «ማታለል» የሚለው ቃል በተነሣ ጊዜ ሁላችንም ፊታችንን እናጠቁራለን። ይሁን እንጂ የማታለል ታሪክ ሲተረክ ጆሮውን የማያቆም ሰው ከመካከላችን አይገኝም። በልጅነታችን እሳት ዳር ተቀምጠን ጦጣ ጅብን እንዴት እንዳሞኘችው ሲነገረን ሆዳችንን ይዘን ስቀናል። ስለ ዐድዋ ስንማር ጠላት በሐሰት ወሬ ተመርቶ ወደ ወጥመድ መግባቱን ሰምተን ኮርተናል። ጎረቤታችን ግን በደላላ ተታሎ፣ ያለ የሌለ ገንዘቡን አስረክቦ ባዶ እጁን ሲቀር አብረን አዝነናል።

እንግዲህ አንዱ ማታለል አሳቀን፣ ሁለተኛው አኮራን፣ ሦስተኛው አሳዘነን። ሥራው በሦስቱም ዘንድ አንድ ይመስላል፤ ይኸውም ያልሆነውን ሆነ ብሎ ማሳመን ነው። ታዲያ ልዩነቱ የቱ ላይ ነው? ዛሬ የምናጠናው ይህንኑ ጥያቄ ነው። የምናጠናውም ለዕውቀት ያህል ብቻ አይደለም። በዚህ ዘመን ወጣትን የሚያታልል እጅግ ስለ በዛ፣ ልዩነቱን ያላወቀ ሰው ወይ ተታላይ ይሆናል፤ ወይም «ብልህ ነኝ» እያለ ራሱ አታላይ ሆኖ ይገኛል።

በዚህ ጽሑፍ የአገራችንን ታሪክ በዓመተ ምሕረት፣ የውጭውን ደግሞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) አስቀምጠናል።

ለ. ከጥንት ታሪክ ሁለት ምሳሌዎች

ስለ ማታለል ሲነሣ በመላው ዓለም የሚታወቀው አፈ ታሪክ የትሮይ ፈረስ ነው። የግሪክ ሠራዊት ትሮይ የምትባለውን ከተማ 10 ዓመት ከቦ ቅጥሯን መድፈር አቃተው። በመጨረሻም ከእንጨት ትልቅ ፈረስ ሠርተው በሆዱ ውስጥ የተመረጡ ጦረኞች ደበቁ። የቀሩት በመርከብ ወደ አገራቸው የተመለሱ መስለው በቅርብ ካለች ደሴት ጀርባ ተሸሸጉ። የትሮይ ሰዎች ፈረሱን በገዛ እጃቸው እየጎተቱ ወደ ከተማቸው አስገቡት። በሌሊት በሆዱ የነበሩት ወጥተው በሩን ከፈቱ፤ ከተማይቱም ጠፋች።

ብዙ ሰው ይህ ታሪክ ሆሜር በጻፈው በኢሊያድ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ኢሊያድ ግን ፈረሱ ሳይሠራ ያበቃል። ሆሜር ነገሩን የሚያነሣው ኦዲሴይ በተባለው መጽሐፍ ሲሆን፣ በሰፊው የተረከው ደግሞ ሮማዊው ባለቅኔ ቨርጂል ነው። በቨርጂል ትረካ ውስጥ ሲኖን የሚባል ግሪካዊ አለ። ይህ ሰው የገዛ ወገኖቹ ሊሠዉት ሲሉ ያመለጠ መስሎ በትሮይ ሰዎች እጅ ገባ። እያለቀሰም ፈረሱ ለአማልክት የቀረበ መባ መሆኑን አስረዳቸው። አዘኑለት፤ አመኑትም። ላኦኮዎን የተባለው ካህን አስጠንቅቋቸው ነበር፤ የንጉሡ ልጅ ካሳንድራም እንዲሁ። የሚሰማቸው ግን አልተገኘም።

ስለምን አልተሰሙም? የትሮይ ሰዎች ጦርነቱ አንገፍግፏቸዋል፤ ጠላት ሄደ መባሉን አጥብቀው ይፈልጉት ነበር። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ግሪኮች ቅጥሩን ያለፉት በፈረሱ ትልቅነት አይደለም። በትሮይ ሰዎች ምኞት በኩል ነው ያለፉት።

ሁለተኛው ምሳሌ በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 9 የተጻፈው የገባዖን ሰዎች ታሪክ ነው። እነዚህ ሰዎች ቅርብ ጎረቤቶች ሲሆኑ ከሩቅ አገር የመጡ ለመምሰል የደረቀና የሻገተ እንጀራ፣ የተቀደደ የወይን ጠጅ አቁማዳ፣ ያረጀ ጫማና ልብስ ይዘው መጡ። ኢያሱና አለቆቹ እንጀራውን አይተው አመኑ፤ በመሐላም ቃል ኪዳን ገቡላቸው። ከሦስት ቀን በኋላ እውነቱ ታወቀ። ሕዝቡ በአለቆቹ ላይ አንጎራጎረ። አለቆቹ ግን ተታልለው የገቡትን መሐላ እንኳ አናፈርስም አሉ። ብዙ ዘመን ቆይቶ ንጉሥ ሳኦል ያንን ቃል ኪዳን አፍርሶ የገባዖንን ሰዎች በገደለ ጊዜ፣ በምድሪቱ ላይ ሦስት ዓመት ረኀብ መምጣቱ በሁለተኛው የሳሙኤል መጽሐፍ ምዕራፍ 21 ተጽፏል። ከዚህ የምንረዳው ተታላይ ሆኖ መገኘትና ቃልን ማፍረስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። የመጀመሪያው በማንም ላይ ሊደርስ ይችላል፤ ሁለተኛው ግን በገዛ ምርጫችን የሚሆን ነው።

ሐ. ከአገራችን ታሪክ

1/ የውጫሌ ውል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክና በኢጣልያ መካከል የውጫሌ ውል ተፈረመ። የኢጣልያ ወኪል ኮንት አንቶኔሊ ነበር። ውሉ በአማርኛና በኢጣልያንኛ ተጻፈ። የ17ኛው አንቀጽ አማርኛ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መጠቀም እንደሚቻላቸው ይናገራል። የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። በአንዲት ግሥ ልዩነት አንድ ነጻ መንግሥት በሌላው ጥበቃ ሥር ያለ ሆኖ ለአውሮፓ ተነገረ።

ዐፄ ምኒልክ ነገሩን የተረዱት ንጉሠ ነገሥት መሆናቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በደብዳቤ ባስታወቁ ጊዜ ነው። የመጣው መልስ ጉዳይዎ በኢጣልያ በኩል መቅረብ ይገባዋል የሚል መንፈስ ነበረው። የትርጉሙ ልዩነት ከመጀመሪያው ሆን ተብሎ የተደረገ መሆን አለመሆኑን የታሪክ ጸሐፊዎች ይከራከሩበታል። የማያከራክረው ግን ልዩነቱ ከታወቀ በኋላ የሆነው ነው። አንቶኔሊ ለማስማማት ተመልሶ በመጣ ጊዜ የኢጣልያንኛው ንባብ እንዲጸና ተሟገተ፤ እቴጌ ጣይቱም በብርቱ ተቃወሙት። ድንገት የተሠራ ስሕተት ቢሆን ኖሮ በተገኘበት ቀን ይታረም ነበር። እያወቁ አጥብቆ መያዝ ስሕተትን ወደ ተንኮል ይለውጠዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ።

2/ ዐድዋ። በየካቲት 1888 ዓ.ም. ጄኔራል ባራቲየሪ 17,700 የሚያህል ጦርና 56 መድፍ ይዞ ከኢትዮጵያ ሠራዊት ፊት ለፊት ነበር። በሁለቱም ወገን ስንቅ እያለቀ ነበር። በዚህ ጊዜ ባሻይ አውዓሎም ሐረጎት ለኢጣልያኖች ሰላይ ሆኖ የቀረበ፣ በልቡ ግን ለወገኖቹ የሚሠራ ሰው እንደ ነበረ በሰፊው ይነገራል። የሐበሻ ጦር ተርቧል፣ ስንቅ ፍለጋ ተበትኗል፣ ብዙውም ወደ አክሱም ሄዷል የሚል ወሬ አደረሰላቸው።

ይህን ወሬ በጥንቃቄ እንመርምረው። ጦሩ በስንቅ መቸገሩ እውነት ነበር። ሐሰቱ ተበትኗል የሚለው ብቻ ነው። ባራቲየሪ በበኩሉ ከሮም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ በቴሌግራም ሲነዘንዘው ስለ ነበር ድል የሚያገኝበትን ምክንያት ይሻ ነበር። በሌሊት ጦሩን በሦስት ረድፍ አንቀሳቀሰ። የያዙት ንድፍ ካርታም ስለ ኪዳነ ምሕረት ኮረብታ የተሳሳተ ነበርና የአልቤርቶኔ ብርጌድ ከሌሎቹ ተለይቶ ሩቅ ገባ። የካቲት 23 ቀን ማለዳ የተበተነ የተባለው ሠራዊት ተሰብስቦ ጠበቃቸው። ከድሉ በኋላ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ውል የውጫሌ ውል ተሽሮ የኢትዮጵያ ነጻነት ታወቀ።

3/ ፍቼ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ዓይነት ነገር ሆነ። የራስ ካሣ ልጆች ደጃዝማች አበራ ካሣና ወንድማቸው አስፋ ወሰን ካሣ ከፋሺስት ጦር ጋር ሲዋጉ ቆይተው፣ እጃችሁን ብትሰጡ ሕይወታችሁ ይተርፋል የሚል ቃል ተሰጣቸው። ቃሉን አምነው ፍቼ ላይ ገቡ። ወዲያው ተገደሉ።

አሁን ዐድዋንና ፍቼን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። በሁለቱም ሐሰት ተነግሯል፤ በሁለቱም ሰው ሞቷል። ሆኖም ኅሊናችን አንድ ናቸው ብሎ አይቀበልም። ምክንያቱን ለማወቅ ወደ ጦርነት ሕግ እንሂድ።

መ. በጦር ሜዳ

ጦርነት ሕግ የሌለው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ሕግ አለው። እ.ኤ.አ. በ1907 በሔግ የተስማሙት መንግሥታት በጦርነት ብልሃት መጠቀም የተፈቀደ መሆኑን ጽፈው፣ በክህደት መግደልን ግን ከለከሉ። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የጄኔቫ ስምምነቶች የመጀመሪያው ተጨማሪ ፕሮቶኮል በ37ኛው አንቀጹ ነገሩን ይበልጥ አብራራው። መልክን ከአካባቢው ጋር አመሳስሎ መደበቅ፣ የሐሰት ዒላማ ማቆም፣ የማስመሰል ዘመቻ ማድረግ፣ የተሳሳተ ወሬ መንዛት ብልሃት ነው፤ አይከለከልም። ነጭ ባንዲራ አውለብልቦ ቀርቦ መግደል፣ የቆሰለ መስሎ ማጥቃት፣ ሰላማዊ ሰው መስሎ መግደል ግን ክህደት ነው፤ የተከለከለ ነው።

ለብልሃት ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 7 የተጻፈው የጌዴዎን ታሪክ ነው። ጌዴዎን በ300 ሰዎች፣ በቀንደ መለከት፣ በባዶ ማሰሮና በችቦ ብዙ ሠራዊት የመጣ አስመስሎ የምድያምን ሰፈር አሸበረ። ይህ ታሪክ ከአገራችን ጋርም ይገናኛል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ከገቡ በኋላ፣ እንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት በጎጃም የመራውን ትንሽ ጦር «የጌዴዎን ጦር» ብሎ ሰየመው። ከአርበኞች ጋር ሆኖ በሌሊት እየመታ፣ ከቁጥሩ በላይ እየመሰለ፣ በብዙ እጥፍ የሚበልጠውን የጠላት ጦር አሸሸ። በግንቦት 1933 ዓ.ም. አጊባር ላይ በሺህ የሚቆጠር የኢጣልያ ጦር በጣም ጥቂት ለሆነው ወገን እጁን ሰጠ።

በዚያው የዓለም ጦርነት ከሁሉ የረቀቀው ማታለል የተሠራው በእንግሊዝ አገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1943 ሚያዝያ መጨረሻ የአንድ የሞተ ሰው አስከሬን «ሜጀር ዊልያም ማርቲን» ተብሎ የሐሰት ደብዳቤ የያዘ ቦርሳ ተያይዞለት በእስፓኝ የባሕር ጠረፍ አጠገብ ተለቀቀ። ደብዳቤው የጦሩ መውረጃ ግሪክና ሰርዲኒያ እንደ ሆነ የሚያመለክት ነበር። ጀርመኖች ደብዳቤውን አምነው ኃይላቸውን ወደዚያ አዞሩ። በሐምሌ ወር ግን ወረራው በሲሲሊ ሆነ።

በሚቀጥለው ዓመት በኖርማንዲ ለሚደረገው ወረራ ደግሞ፣ በጄኔራል ፓተን የሚመራ ያልነበረ ጦር ተፈጠረ። በአየር የሚነፉ የጎማ ታንኮች ተደረደሩ፤ የሐሰት የሬዲዮ መልእክት ተላለፈ። የዚህ ማታለል ዋና ሰው ሁዋን ፑሆል ጋርሲያ የተባለ የባርሴሎና ተወላጅ ሲሆን፣ እንግሊዞች «ጋርቦ» የሚል የምሥጢር ስም ሰጥተውታል። በመጀመሪያ ሊዝበን ተቀምጦ እንግሊዝ አገር ያለ መስሎ ለጀርመኖች ይጽፍ ነበር። ከመጻሕፍት ቤት ባገኘው የመንገደኞች መምሪያ እየተረዳ የሚጽፈው ነበርና አንድ ጊዜ የግላስጎው ሰዎች ለአንድ ሊትር የወይን ጠጅ የማያደርጉት የለም ብሎ ጻፈ። ስኮትላንዳውያን ወይን በሊትር የሚጠጡ ሰዎች አለመሆናቸውን ጀርመኖችም አላስተዋሉም። በኋላ እንግሊዝ አገር ገብቶ በፈጠራ 27 ረዳት ሰላዮችን ለጀርመኖች አስመዘገበ። አንዳቸውም በሕይወት አልነበሩም።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 6 ቀን 1944 ሌሊት ጋርቦ ወረራው መጀመሩን የሚናገር እውነተኛ መልእክት ላከ። መልእክቱ ለመከላከል እጅግ የዘገየ እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ እውነት በመሆኑ ግን በጋርቦ ላይ ያላቸውን እምነት አጠነከረው። ከሦስት ቀን በኋላ የኖርማንዲው ማዘናጊያ ነው፣ ዋናው በካሌ በኩል ይመጣል ብሎ ላከ። ጀርመኖች ብርቱ ጦራቸውን በካሌ አካባቢ ለሳምንታት አቆዩ። ይህ ሰው ከጀርመንም ከእንግሊዝም ሽልማት የተቀበለ ሰው ነው።

ይሁን እንጂ ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ከጦርነቱ በኋላ ፑሆል የበቀል ፍርሃት ስለ ነበረበት እ.ኤ.አ. በ1949 አፍሪካ ውስጥ በአንጎላ በወባ ሞተ ተብሎ እንዲነገር አደረገ፤ በቬኔዙዌላም ኖረ። የገዛ ሚስቱ ጭምር የሞተ መሰላት። በሕይወት መኖሩ የታወቀው በ1984 ነው። ለመልካም ዓላማ የተደረገ ማታለል እንኳ ለአታላዩ በነጻ አልተሰጠውም።

ሠ. ልዩነቱ የት ላይ ነው?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። በዐድዋ የቆመው ጠላት ጠላትነቱን ያውቃል። ሊያታልሉኝ ይችላሉ ብሎ መጠንቀቅ የእሱ ፈንታ ነው፤ እሱም ከቻለ ያታልላል። በፍቼ ግን አሳዳጁ ራሱ «እመኑኝ» ብሎ ጠርቷል። ተጠሪዎቹም መሣሪያቸውን ያስቀመጡት በቃሉ ተማምነው ነው። የተገደሉት በጠላት ብርታት አይደለም፤ በራሳቸው ማመን ነው የተገደሉት። ስለዚህ ብልሃት የሌላውን ግምት ያሳስታል፤ ክህደት ግን እምነትን መሣሪያ አድርጎ ይወጋል።

ሕግ ክህደትን የከለከለበት ምክንያትም ግልጽ ነው። ዛሬ አንድ ወታደር ነጭ ባንዲራ ይዞ ከገደለ፣ ነገ እውነተኛ ነጭ ባንዲራ ይዞ የሚመጣውን የሚያምነው አይገኝም። አንዱ ከሐዲ የሚያጠፋው የዛሬውን ተታላይ ብቻ አይደለም፤ ወደፊት እጁን ሰጥቶ ሊድን የሚችለውን ሰው ሁሉ ነው።

እንግዲህ ይህን ከጦር ሜዳ ወደ ቤታችን እናምጣው። በገበያ፣ በትምህርት ቤት፣ በጓደኝነት፣ በቤተሰብ መካከል የሚገናኙት ሰዎች ጠላቶች አይደሉም። ወደ እኛ የሚመጣው ሰው ጋሻ ሳይዝ አምኖን ይመጣል። ታዲያ በጦር ሜዳ ብልሃት የተባለው ነገር በሰላም ቦታ ምን ይባላል? ብልሃት ሊባል አይችልም፤ የሚያታልለው በአመኔታ የመጣውን ነውና። በሰላም ቦታ የሚደረግ ማታለል ሁሉ ከፍቼው ወገን እንጂ ከዐድዋው ወገን አይደለም። በሚዛን የሚቀንስ ነጋዴ፣ በፈተና የሚኮርጅ ተማሪ፣ እናቱን ትምህርት ቤት ነበርኩ የሚል ልጅ «ነገሩ እኮ ብልጠት ነው» ቢል ስሙን ነው እንጂ ነገሩን አልለወጠውም።

ረ. በልብ ወለድ

ልብ ወለድም ያልነበረውን ነበረ ብሎ ይተርካል። ታዲያ ደራሲ አታላይ ነው? አይደለም፤ አንባቢው ፈጠራ መሆኑን አውቆ፣ ተስማምቶ ገብቷልና። የጦጣና የጅብ ተረት የሚያስቀንም ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ትንሿ ጦጣ በጉልበት የሚያስፈራትን በአእምሮ ስታመልጥ ማየት ለደካማ ሰው ተስፋ ይሰጣል።

የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው ድርሰት ራሱ በማስመሰል ላይ የቆመ ነው። ጦቢያ የተባለችው ልጅ የጠፋ ወንድሟን ዋሕድን ለመፈለግ እንደ ወንድ ለብሳ ከአባቷ ጋር ትወጣለች። የምትደብቀው ማንንም ለመጉዳት አይደለም፤ በዚያ የጦርነት ዘመን ሴት ልጅ በመንገድ ላይ ከሚያገኛት አደጋ ለመዳን ነው። ሆኖም መደበቋ ወንድ የመሰለቻትን ሌላ ሴት ልብ እንዳሳሳተ ደራሲው ያሳየናል። ጥፋት የሌለበት ማስመሰል እንኳ ያልታሰበ ሰው ላይ ይደርሳል።

የሼክስፒር ኦቴሎ ደግሞ የክህደትን ሥራ ከሥሩ ያሳያል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሶታልና ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ኢያጎ በሰው ሁሉ ዘንድ ሐቀኛ የሚባል ሰው ነው። ሲጀምር ትልቅ ውሸት አይናገርም፤ ግማሽ ቃል ይጥላል፤ ዝም ይላል፤ ያዘነ ይመስላል። በመጨረሻም የዴዝዴሞናን መሐረብ ሌላ ሰው ዘንድ እንዲገኝ ያደርጋል። መሐረቡ እውነተኛ ነው፤ ሐሰቱ በመሐረቡ ላይ የተሰጠው ትርጉም ነው። ኦቴሎ ሚስቱን ቀርቦ በቅን ልብ ጠይቆ ቢሰማት ኖሮ ነገሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት በፈረሰ ነበር። ኢያጎ ግን አጣደፈው። «አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ» የሚለው ምሳሌያችን ለእርሱ የተነገረ ይመስላል።

ሰ. አታላይ የሚገባባቸው አራት በሮች

ከላይ ያየናቸውን ታሪኮች ብናስተያይ አታላይ ሁልጊዜ የሚጠቀምባቸውን አራት በሮች እናገኛለን።

አንደኛ፣ ምኞት ነው። የትሮይ ሰዎች ሰላምን፣ ባራቲየሪ ድልን ይመኙ ነበር። ሰው የሚታለለው በማይፈልገው ነገር አይደለም።

ሁለተኛ፣ እውነት የተቀላቀለበት ሐሰት ነው። የጦሩ መራብ እውነት ነበር፤ የጋርቦ የመጀመሪያ መልእክት እውነት ነበር፤ መሐረቡም እውነት ነበር። ስለዚህ «ከተናገረው አንዱ ትክክል ነው» ማለት ሁሉም ትክክል ነው ማለት አይደለም።

ሦስተኛ፣ ጥድፊያ ነው። አታላይ ጊዜ አይሰጥም። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለውን አበው የነገሩንን እርሱም ያውቃልና ሳያድር መጨረስ ይፈልጋል።

አራተኛ፣ ከመካሪ መለየት ነው። ካሳንድራ አልተሰማችም፤ ኦቴሎ ሚስቱን አልሰማም። «ለማንም እንዳትናገር» የሚል ሰው በተገኘ ጊዜ በሩ ከውጭ እየተዘጋብን መሆኑን እንወቅ።

ሸ. ዛሬ ለእኛ

እነዚህ አራት በሮች በትሮይና በቬኒስ ብቻ የሚገኙ አይደሉም። በየሰፈራችን የሚዞረውን ደላላ እንመልከተው። ለአንዲት ወጣት «ዐረብ አገር ጥሩ ሥራ አለ፣ ደመወዙ ከፍ ያለ ነው፣ በዓመት ውስጥ ለእናትሽ ቤት ትሠሪላታለሽ» ይላታል። ምኞቷ የተቀደሰ ነው፤ እናትን መርዳት ነውና። ከተናገረውም ውስጥ እውነት አለ፤ ሄደው የተሳካላቸው አሉ። ቀጥሎም «መኪናው ሐሙስ ይነሣል፣ ቦታው ሊያልቅ ነው» ይላል። በመጨረሻም «ለቤተሰብ አሁን እንዳትነግሪ፣ ያስቀሩሻል» ይላታል። አራቱም በሮች በአንድ ንግግር ውስጥ ተከፈቱ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው በረሃ፣ በጀልባ የሚሻገሩት ባሕር፣ ፓስፖርትን መቀማት፣ ለማስለቀቂያ ከቤተሰብ ገንዘብ መጠየቅ ሊሆን ይችላል። ብዙዎች በመንገድ ቀርተዋል።

ሕግም ይህን ተመልክቶታል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ፕሮቶኮል በሰው መነገድ ከሚፈጸምባቸው መንገዶች መካከል ማታለልን በግልጽ ቆጥሮ፣ ተበዳዩ በማታለል የሰጠው ፈቃድ ለወንጀለኛው ማምለጫ እንዳይሆን አድርጓል። በአገራችንም ይህን ወንጀል ለመከላከል አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ወጥቷል። ስለዚህ የተታለለች እኅት ስትመለስ «ማን ሂጂ አለሽ?» ብለን ልንቀበላት አይገባም። በክህደት የተወጋ ሰው በማመኑ አይፈረድበትም። የሚፈረደው እምነቱን መሣሪያ ባደረገው ላይ ነው።

በስልክም እንዲሁ ነው። «ሎተሪ ደርሶዎታል» የሚለው ምኞትን፣ «ከባንክ ነው የምንደውለው፣ የምሥጢር ቁጥርዎን አሁኑኑ ይንገሩን» የሚለው ጥድፊያን ይጠቀማል። ለእንዲህ ያለው ሁሉ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ይኸውም ሌሊቱን ማሳደርና ለሚታመን ሰው መንገር ነው። እውነተኛ ጉዳይ ቢያድር አይበላሽም።

ነገር ግን ራሳችንን ከመጠበቅ የሚበልጥ አንድ ሥራ አለብን፤ እርሱም እምነት የሚጣልብን ሰዎች መሆን ነው። ያልተጣራ ወሬ በስልኩ የሚያሠራጭ ወጣት፣ የጓደኛውን ምሥጢር አዛብቶ የሚያወራ ወጣት፣ በትንሽ ነገር የሚዋሽ ወጣት፣ እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ይዞ በመጣ ቀን የሚያምነው አያገኝም። «እኅቴ ሆይ፣ ይህ ደላላ አታላይ ነው» ብለን ስንናገር የምንሰማው፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ተራ ቀኖች ቃላችን እውነት ሆኖ ከተገኘ ብቻ ነው። የአንድ ሰው ሕይወት የሚድነው ወይም የሚጠፋው በዚህ ሊሆን ይችላል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 2 ረዓብ ሰላዮቹን ደብቃ አሳዳጆቹን አሳሳተች። ሥራዋ ብልሃት ነው ወይስ ክህደት? በምን ምክንያት?

2. የገባዖን ሰዎች ያታለሉት ሞትን ፈርተው ነበር። ኢያሱ መሐላውን መጠበቁ ትክክል ነበር? እናንተ በእርሱ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

3. በውጫሌ ውል ታሪክ ስሕተት ወደ ተንኮል የተለወጠው መቼ ነው? በእኛ ኑሮ ለዚህ የሚመሳሰል ምን አለ?

4. በቅርብ ጊዜ በስልክ ወይም በቃል የሰማችሁትን አንድ አጓጊ ወሬ አንሥታችሁ በአራቱ በሮች መርምሩት።

5. አንድ ጓደኛችሁ በሦስት ቀን ውስጥ በደላላ ሊሄድ መሆኑን በምሥጢር ነገራችሁ፤ ለማንም እንዳትናገሩም አስማላችሁ። መሐላውን ትጠብቃላችሁ ወይስ ለወላጆቹ ትናገራላችሁ? ከላይ የተማርነውን መሠረት አድርጋችሁ ተወያዩበት።

ይቆየን።